የሙሽራዋ ወገን

የሙሽራዋን በር የሚዘጉት ተዋናዮች የተሳፈሩበት ሚኒባስ ወደ ዲላ ሲመጣ ወናጎ ከተማ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ዲላ ባለው አዳራሽ ውስጥ ግን ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የካርቶኑን በር አንኳኳ። የሚከለክለው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያ ቴአትሯን ያዘጋጀችው ፍሬ የድርሰቱን ወረቀት ይዛ መጋረጃው ጀርባ ቆማለች። በሩ እንዲሁ ከተከፈተ ሰርጉ ሰርግ አይመስልም፤ የለፉበት ሁሉ መሳቂያ ይሆናል።

«እንዴ! ልጅቷ ወገን የላትም? ዝም ብለን ልንሰጣት ነው?» አሉ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወደ መድረኩ ወጡ። ሌሎች ሴቶችም እየሳቁ ተከተሏቸውና ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሩን ዘጉት። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

«እማማ፣ ኧረ ያሳልፉኝ!» አለ ሙሽራው።

«ማን ነኝ ብለህ? መጀመሪያ ጉልበት ሳም!»

ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ተንበረከከ። ሴትዮዋ ከመጋረጃው ጀርባ ወደምታጮልቀው ፍሬ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ እናስገባው?»

ድርሰቱ ላይ እንዲህ የሚል ነገር አልነበረም። በልምምዱ ሁሉ አንዲት ቃል እንዳትለወጥ ስትቆጣ የከረመችው ፍሬ ወረቀቱን ጣለች፤ እየሮጠች ወጥታ ክንዷን ከሴቶቹ ክንድ ጋር አቆላለፈች።

«ገና መቼ ለመነና!»