ከአንጋፋው በፊት

ዴልሮይ ፒኬት አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ባዶ እግሮቹን ዘርግቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ «ጀምሪ» ይላል።

ወጌሻዋ ሎሬታ አትጀምርም። የነጩን ፕላስተር ጥቅል በጣቷ እንዳንጠለጠለች ቆማለች። «ዛሬ እሱን እንዳታስሪ ተብያለሁ። ጸብህ ከአሰልጣኙ ጋር ነው፤ እኔን አታድርቀኝ።»

ከኋላዋ ተጫዋቾቹ በዕድሜያቸው ተራ ተሰልፈዋል። የዚህ የቅርጫት ኳስ ቡድን መልበሻ ክፍል ሕግ የትም አልተጻፈም፤ የጣሰው ግን የለም። ከጨዋታ በፊት ቁርጭምጭሚቱ መጀመሪያ የሚታሰረው አንጋፋው ነው፤ ከዚያ ተከታዩ፣ ከዚያ የእሱ ተከታይ፣ እንዲህ እያለ እስከ ትንሹ። ያልታሰረ እግር ሜዳ አይገባም። አንጋፋው ሳይታሰር ደግሞ ማንም አይታሰርም። ዴልሮይ የተጋደመው ይህን አስልቶ ነው። ለዚህ ሥራ ያለው አልጋ ይኸው አንድ ነው፤ እንኳን አሰልጣኙ፣ የቡድኑ ባለቤት ከነሚስቱ ቢመጣ አይነሳለትም።

ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ስሙን እየመላለሰ ያሳልፋል፦ ፒኬት፣ የጉልበት ሕመም፣ አይሰለፍም።

«የማን ጉልበት ነው የታመመው?» ይላል ጮክ ብሎ። ጉልበቱን በመዳፉ ጧ ያደርገዋል። «የእኔማ ይኸው፣ ጤነኛ ነው። ጉልበት የጠፋበት ይምጣና ይጠይቅ።»

ሁለት ሦስቱ ይስቃሉ። ማርኬል አይስቅም። በዕድሜ ተከታዩ እሱ ነው፤ ዛሬ በዴልሮይ ቦታ የሚሰለፈውም እሱ ነው።

«ሽማግሌው፣ ተነስና ሱፍህን ልበስ» ይላል። «ሰው ደመወዝ እየተከፈለው ሲያርፍ ምን አንገበገበው?»

«አንተ ምራቅህን ጥረግ። ቦታዬን ገና አልወረስክም።»

አሰልጣኝ ብራኒጋን ይገባል። በሩን አይዘጋውም፤ ከውጭ የፒትስበርግ ሕዝብ ጫጫታ ተከትሎት ይገባል።

«ፒኬት። ከአልጋው ውረድ።»

«እግሬን አሳስረኝና እወርዳለሁ፣ አሰልጣኝ።»

«ታርፋለህ ብያለሁ።»

«ዛሬ ካሸነፍን ጥሎ ማለፉን እዚሁ በሜዳችን እንጀምራለን። ከተሸነፍን ሻንጣ ተሸክመን ሰው አገር እንሄዳለን። አምናም ያንን ዕድል ያጣነው በአንዲት ጨዋታ ነው። ያቺን ዕለት ማን ነበር እረፍ ያለኝ? ሱፍ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ ስንሸነፍ አጨበጨብኩ። እንደ ሚዜ!»

«ካቻምናስ?» ብራኒጋን ድምፁን አያነሳም። «ካቻምና አላርፍም ብለህ አንድም ሳይቀርህ ተጫወትክ። ጥሎ ማለፉ በተጀመረ በመጀመሪያው ማታ ባትህ ተበጠሰ። እኛም አብረንህ ተበጠስን። የምፈልግህ ጥሎ ማለፉ ሲጀመር፣ ሚያዝያ ላይ ነው።»

«ሚያዝያ፣ ሚያዝያ! ላም አለኝ በሰማይ። ያ ውጭ የሚጮኸው ሕዝብ የመጣው ዛሬ ነው።»

«ሕዝቡ ባትህን አይሰፋልህም።»

ዴልሮይ በክርኑ ተደግፎ ቀና ይላል። ይህችን ከጠዋት ጀምሮ ሲያላምጣት ነው የዋለው። «ስለ እረፍትስ አንተን ማን ይከራከርሃል? ዕድሜ ልክህን ተቀያሪ ወንበር ስታሞቅ ነው የኖርከው። አንድ ቀን ደክሞት የሚያውቅ ሰው ቢሆን እረፍ ሲለኝ እሰማው ነበር።»

ሳቅ ከሰልፉ ብልጭ ይልና እዚያው ይጠፋል። የብራኒጋን ጆሮዎች ይቀላሉ። ዴልሮይን ትቶ ሰልፉን ያያል።

«ሰዓቱ ደርሷል» ይላቸዋል። «ያልታሰረ አይገባም። እንግዲህ እናንተው ታውቃላችሁ።» ይወጣል።

ዴልሮይ ተመልሶ ይጋደማል። አሸንፌዋለሁ ይላል በልቡ። እነዚህን ሰዎች ያውቃቸዋል። አብሯቸው በልቷል፣ ሲሸነፉ ሰድቧቸዋል፣ ሲያሸንፉ ተሸክመውታል። እሱም የመጨረሻው ትንሽ በነበረበት ዘመን ከሰልፉ ጭራ ቆሞ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ጠብቋል፤ አንድ ቀን አላጉረመረመም። ተራ ማለት ይህ ነው። አይገዛም፣ አይለመንም፣ እየቆሙ ይደረስበታል።

«ዴልሮይ» ይላል ማርኬል። «ሽማግሌው» አላለውም። «ዛሬ የግድ ማሸነፍ አለብን ነው የምትለው?»

«የግድ!»

«በየትኛው እግራችን?»

ዴልሮይ እግሩን አንስቶ ያሳየዋል። «በእኔ ነዋ» ይላል። «እኔ ስገባ ነዋ።»

«አንተ ልትገባ እኛ ቀረን እኮ፣ ወንድሜ።»

ማርኬል ጀርባውን ለግድግዳው ይሰጥና እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ካልሲውን ያወልቃል። ያን የሚያህል እግሩን ዘርግቶ ሎሬታን ቀና ብሎ ያያታል።

ሎሬታ አልጋውን ታያለች። ከዚያ ትንበረከካለች።

«ተራ ነው!» ይጮኻል ዴልሮይ። «ተራ አለ እዚህ ቤት! ከመቼ ወዲህ ነው ከአንጋፋው በፊት የሚታሰረው?»

ፕላስተሩ ከጥቅሉ ሲላቀቅ እንደሚቀደድ ሸራ ድምፅ ያሰማል። ከማርኬል ቀጥሎ ያለው ይቀመጣል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ይቀመጣል፤ ጫማ ይወልቃል፣ ካልሲ ይወልቃል፤ ረጃጅም እግሮች በግድግዳው ጥግ እስከ በሩ ይደረደራሉ።

ዴልሮይ አንገቱን አዙሮ ያያቸዋል። የጣሰ፣ የቀደመ፣ የተጋፋ ፈልጎ ነው የሚያያቸው። አንድም የለም። ትልቁ ከፊት፣ ትንሹ ከኋላ፣ እያንዳንዱ በዕድሜው ቦታ ተቀምጧል። ተራው ዝንፍ አላለም፤ የሚጀምረው ከማርኬል ነው።