ቶንዶሱ ሲጮህ

ተማሪዋ ወረቀቶቿን መስተዋቱ ስር፣ ከማበጠሪያዎቹ አጠገብ ትዘረጋለች። እኔ የወንድሜ አንገት ላይ ፎጣ እያሰርኩ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የድምፅ መቅጃዋን መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጣ፣ ፀጉር አስተካካይና ደንበኛ በመስተዋት እየተያዩ እንዴት እንደሚያወሩ ስታጠና ነበር። ለወሬም ዲግሪ ይሰጣል አሉ። እኔ ስድስተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረስኩም።

ያላስጨረሰኝ ደግሞ ይኸው፣ ወንበሬ ላይ ተደላድሏል። አባታችን ሲሞት ታላቅ ነኝ ብሎ ፈረደ፤ እኔ መቀስ ያዝኩ፣ እሱ ተምሮ የቢሮ ኃላፊ ሆነ። ሠላሳ ዓመት በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል። ስለ ደም ግፊቱ ያወራል፣ አማቹን ያማል። ስለዚያ ነገር ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

የተጻፈውን አይቼ እንድፈርምላት ትጠይቀኛለች። ስም የለንም፤ እኔ «ባለሙያ» ነኝ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ «ደንበኛ»። ሳሌን ሳይቀር ጽፋዋለች። ዝም ያልኩትን በሴኮንድ ለክታዋለች።

«ሳልም ትምህርት ሆነ?» እላታለሁ።

ሆኗል ትለኛለች፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ እገልጣለሁ። አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ እጄ ይቆማል።

«ደንበኛ፦ (ቶንዶስ ይጮኻል) ያኔ ከትምህርት ቤት ያስወጣሁህ... በድዬሃለሁ፣ ወንድሜ።

ባለሙያ፦ ጎንበስ በል።

(ዝምታ፣ ዘጠኝ ሴኮንድ)»

ይኼን ከየት እንዳመጣችው እጠይቃታለሁ። መቅጃው ደንበኛው አፍ ፊት ለፊት ነበር፤ በማዳመጫ አሥር ጊዜ ደጋግማ ሰምታ ነው ያወጣችው። እኔ ከኋላው ነበርኩ፣ ያ የፀጉር ማሽን ጆሮዬ ስር እየጮኸ።

ወንድሜ በመስተዋቱ ያየኛል። ምን ጽፋብን ነው ይላል።

«ጋሼ» እለዋለሁ። «የምትለኝ ነገር አለ?»

ዓይኑን ወደ ጉልበቱ ይሰብራል።

«ከጆሮዬ በላይ አሳጥረው።»

ፎጣውን ገፍፌ ላስወጣው ይቃጣኛል። ሠላሳ ዓመት ጠብቄ፣ የሰማሁት ከባዳ ልጅ ወረቀት ላይ። በጸጥታ ሊለኝ አይችልም፤ ያን ቀንም ያለው ቶንዶሱ ሲጮህ ነው።

ቶንዶሱን አበራለሁ። ፀጉሩን አልነካም። ቶንዶሱን የያዘውን እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋለሁ።