ያለ መርፌ ምሳ

ልጄ ራህማ ጣቷን ዘርግታልኛለች። እንደ ልማዷ በሌላው እጇ ቀሚሷን ከሆዷ ላይ ሰብስባ መርፌውን ትጠብቃለች።

«ቀሚስሽን ልቀቂው፤ መጀመሪያ ስኳርሽን እንየው» እላታለሁ። ባሌ ሐምዛ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ እኛ ወዳለንበት ጓዳ ገብቷል። ውጭ የኢምፔሪያል አደባባይ ታክሲዎች ጥሩምባ ያደነቁራል፤ እሱ ግን የስኳር መለኪያ ማሽኑ ላይ አፍጥጧል።

ልጄ ከሁለት ወሯ ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትወጋ ኖረች። ኢንሱሊኗ የሱቁ ፍሪጅ ውስጥ ከለስላሳው ጋር ነው የሚቀመጠው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። እርጉዝ ሆኜ ስለጾምኩ ነው እያልኩ ስንቴ ራሴን ረገምኩ!

ባለፈው ወር የዘረመል ምርመራዋ መጣ። ዶክተር ፀሐይነሽ «ኢንሱሊንማ ቆሽቷ ውስጥ አለ፤ መውጫ አጥቶ ነው» አሉን። «ስኳር ሲጨምር መዘጋት ያለበት፣ ፖታሲየም የሚያልፍበት ትንሽ በር አለ። የእሷ አልዘጋም ብሏል።»

«በሩ ክፍት ከሆነ ታዲያ ምነው አይወጣም?» ብዬ ተከራከርኳቸው። መቼም አፌ አያርፍ።

«የኢንሱሊኑ መውጫ ሌላ ነው። ይሄ ሲዘጋ ነው ያ የሚከፈተው።» ሳቁብኝ። «ደግሞ ከተፀነሰች ጀምሮ የነበረ ነገር ነው፤ ጾምሽ ምን አደረገ?»

በሩን የሚዘጋ ኪኒን አዘዙላት። መርፌውን እሳቸው እያዩ ቀስ በቀስ ቀነስን፤ ዛሬ ጠዋት ጭራሽ አልተወጋችም። ከምሳ በፊት ከመቶ ሃምሳ በታች ከሆነ ያለ መርፌ ትብላ ብለዋል።

ደሟን ጠብ አደርጋለሁ። ማሽኑ ይቆጥራል።

መቶ አስራ ስምንት።

«አልሐምዱሊላህ!» ይላል ሐምዛ። እኔ እንባዬ ቀድሞኛል።

ራህማ ቀሚሷን አልለቀቀችም። «አልወጋም እንዴ?»

«አትወጊም፣ የኔ እናት።»

የእሷ ምሳ ሁሌም ለብቻዋ በትንሽ ሰሃን ነው፣ ተለክቶ። ምግቧ ከመርፌው ልክ እንዳያልፍ ብዬ ማንም እንዳያጎርሳት አያቷን ሳይቀር አስምያለሁ። ሐምዛ ዛሬ ከትልቁ ትሪ ይጠቀልልና ወደ አፏ ያስጠጋል። «በሞቴ!»

ራህማ ጉርሻውን ታያለች፤ እኔን ታያለች። ከዚያ ሁለት መዳፏን ገጥማ ከስሩ ትዘረጋለች። ለካ ልጄ ጉርሻ እንዴት እንደሚቀበሉ አታውቅም!

«በእጅሽ አይደለም፣ ሆዴ» ይላታል አባቷ። «አፍሽን ክፈቺ።»