የኋላው ረድፍ

በአንጋፋው ዩኒቨርሲቲ መተላለፊያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በኋላው ረድፍ ዳር ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የካባቸው እጅጌ እጃቸውን ውጦታል። አንደኛው ዛሬ ያረጁት ቀለም ቀቢ ናቸው።

ተማሪ ግን ሆነው አያውቁም። የአገሩ መሪ ዩኒቨርሲቲውን መርቀው ሊከፍቱ በመጡ ዕለት ተማሪው አነሰ። የግንባታ ሠራተኞቹ ካቦ ግድግዳ ከሚቀቡበት መሰላል ጠርቶ አወረዳቸውና ካባ ደረበላቸው። አፍህን ዝጋ ብቻ ነው ያላቸው። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሰፈሩ «ሊቁ» አላቸው። ዝም አሉ፤ ዝም እንዳሉ አረጁ።

የልጅ ልጃቸው እዚያው ታሪክ ልትማር ገባች። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተበትን ቀን ሲያከብር፣ ከፎቶው በሕይወት የቀሩት ሁለቱ ተጋበዙ፤ እሳቸውና በኋላ ሚኒስትር የሆኑት ሰው።

«አባባ፣ ቀና በል እንጂ» አለቻቸው። «ዛሬ እኮ ያንተ ቀን ነው።»

የቀድሞው ሚኒስትር ቀኝ ትከሻቸውን ዘንበል አድርገው በከዘራ ገቡ። ሽማግሌውን ሲያዩ ክው አሉ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

አወቁኝ፣ አሉ ሽማግሌው በልባቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

በዓሉን የሚመራው መምህር የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ምን እንደነበር ሚኒስትሩን ጠየቀ። ሚኒስትሩ በከዘራቸው ወደ ሽማግሌው ጠቆሙ።

«እሱን እንኳ እሳቸው ይንገሯችሁ።»

ወጥመድ ነው። የልጅ ልጃቸው ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ሽማግሌው ከአፋቸው የመጣውን ተናገሩ፤ የአገር ታሪክ ነበር አሉ።

«ልክ ነው፣ ታሪክ ነበር» አሉ ሚኒስትሩ ቶሎ ብለው።

አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሽማግሌውን እንደ ጥፊ አቃጠላቸው። ሰውየው ሊያዋርዱኝ ጊዜ እየጠበቁ ነው፣ አሉ በልባቸው። ሳልቀደም ለልጅቷ ራሴ ልንገራት ብለው እጇን ያዙ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ሚኒስትሩ መጡና ልጅቷን ውሃ እንድታመጣላቸው ላኳት። ራቅ እስክትል ጠብቀው ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ቀለም ቀቢው አንተ ነበርክ፣ አይደል?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «እባክዎ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ።»

ሚኒስትሩ ግራ ቀኛቸውን ቃኙ።

«የእኔም ልጆች እንዳይሰሙ፣ አደራህን። ከጎንህ የቆምኩት ድንጋይ ተሸካሚ ነኝ እኮ።»