ነፋስ የሚተፋው ቧንቧ

ነፋስ ከዓለም ከጠፋ ወዲህ የቢቸና ገበሬዎች ጤፋቸውን ወቅተው የሚያዘሩት ዱቄት ፋብሪካው አየር በሚተፋበት ቧንቧ ሥር ነው።

ፋብሪካው ዱቄቱን በአየር እየገፋ የሚያጓጉዘውን ማሽን ሊቀይር ሁለት አማራጭ ቀረበለት፤ አንዱ አየሩን ወደ ውጭ የሚተፋ፣ ሌላው መልሶ የሚጠቀምበት። ኢንጂነር የዝና ሁለተኛውን መረጠች።

"መብራት ይቆጥባል" አለች።

"ገበሬዎቹስ?" አላት ሥራ አስኪያጁ።

"እነሱ መላ አያጡም።"

መኸር ሲደርስ፣ ከሥራ ስትወጣ አባቷን አያ ደርሶን አየቻቸው። ገና ያላዘሩትን ጤፋቸውን ከምረው፣ መንሽ ይዘው በተደፈነው ቧንቧ ሥር ቆመዋል። ገበሬ ድሮ ነፋስ እንደሚጠራው ያፏጫሉ።

"አባዬ፣ ተዘግቷል እኮ።"

"ማን ዘጋው?"

ደረቷ ላይ ያለውን የፋብሪካውን ባጅ በእጇ ሸፈነች።

አያ ደርሶ ትክ ብለው አዩዋትና መንሹን አቀበሏት።

"በይ እንግዲህ፣ አንቺ አፏጪ።"