የኮቱ ሦስተኛ ቁልፍ

ፊደል ስላልቆጠርኩ ዓይንም ያልተፈጠረልኝ ይመስላቸዋል። ገዳይዋ የሟቹ ሚስት እህት ናት ብዬ ከተናገርኩ እነሆ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በዚህ ቤት ግን «እስቲ በምን አወቅሽ?» ያለኝ አንድ ሰው የለም።

አሁን ተከታታይ ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። የልጅ ልጄ ጎኔ ተለጥፋ፣ ከሥዕሉ ሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ እንደ ልማዷ በጆሮዬ ታነብልኛለች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ እረፍቷ እሁድ ብቻ ነው። ያችኑ የእሁድ ከሰዓቷን ሁለት ዓመት ሙሉ ለእኔ ሰጥታለች። አባቷ፣ አማቼ፣ ሶፋው ጥግ ላይ የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ በአንድ ዓይኑ ያያል።

እኔ አርባ አንድ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። በሦስተኛው ክፍል ሟቹን ከወንዝ ሲያወጡት እነሱ ፊቱን አዩ፤ እኔ ኮቱን አየሁ። ሦስተኛው ቁልፍ ተበጥሶ እንደገና የተተከለ ነው። ከሥሩ ክሩ የተጠመጠመው ደግሞ በግራ እጅ ነው፤ በቀኙ የሚሰፋ ሰው እንዲያ አይጠመጥምም። በዚያ ቤት መርፌ በግራዋ የምትይዝ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የሚስቱ እህት። መጋረጃ ስትሰፋ በዓይኔ አይቻታለሁ። ሲታገሉ ቁልፉ ተበጠሰ፣ ሰውየውን ወንዝ ውስጥ ከመጨመሯ በፊት መልሳ ተከለችው። አለቀ።

ያኔ ይህን ስናገር አማቼ ሳቀ። «እማማ፣ ልብሱን እኮ የሰፉት የፊልሙ ሠራተኞች ናቸው። ቁልፍ ማን ይቆጥራል ብለው ነው?»

«እኔ» አልኩት።

መርማሪው አንድ ሰውዬ በካቴና አስሮ ከቤት ያወጣል። ራሰ በራ ነው፣ ሆዱ ቀበቶውን አልፏል። ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም። የልጅ ልጄ ማንበቧን ታቆምና ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

«ምን አለ?»

«እ... ‹ገዳይዋ የሚስቱ እህት ናት፤ የደረስንባት በቁልፉ ነው› ይላል።» እጄን ጨበጥ ታደርጋለች። «ልክ ነበርሽ፣ እማዬ።»

ደረቴ ሞቅ ይለኛል። አማቼን ላየው ዞር ስል ልጁን እያያት ነው፤ ወዲያው አንገቱን ፈተናው ውስጥ ይቀብራል። ወደ ቴሌቪዥኑ እመለሳለሁ። የሚስቱ እህት መስኮት አጠገብ ቆማ ሻይዋን እየጠጣች፣ ሰውዬው ሲወሰድ ታያለች። ማንም አልነካትም።

«ይሄ ራሰ በራ ታዲያ ምን አድርጎ ታሰረ?»

«እሱ... ተባባሪዋ ነው።»

«እሷንስ ሻይዋን እስክትጨርስ ነው የሚጠብቋት?»



በልኩ ያልሆነ ልብስ ሰፍቼ «አምሮብሻል» ብዬ የሸኘሁት ሰው የለም። ጨርቁን አበላሽቼም ከሆነ፣ አበላሽቻለሁ ብያለሁ። ዛሬ ግን የራሴ ልጅ ልኬ ያልሆነ አልብሳ አምሮብሻል ትለኛለች።

«ከዋሸሽበት መልሺው። የተጻፈውን አንብቢ።»

ትመልሰዋለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታነባለች። ራሰ በራው የሟቹ መንታ ወንድም ነው ይላል። በሕፃንነታቸው ተለያይተው፣ አሁን በቅናት ገደለው።

«መንታው? ሟቹ እኮ ሸንበቆ ነበር።»

«ምን ላድርግ፣ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ዘጠና ስምንት ክፍል ሙሉ ስሙ ያልተጠራ ሰው በመጨረሻው ሩብ ሰዓት መጥቶ ገደልኩ ይላል። ስለ ቁልፉ አንዲት ቃል የለም። ፊቱ ሱፍ፣ ገበሩ የማዳበሪያ ከረጢት። ምንጣፍ ላይ ባልሆን ምራቄን እተፋ ነበር።

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» ትላለች ልጅቱ።

«እስከ ዛሬ ያነበብሽልኝስ? እሱንም ለእኔ ብለሽ ነው የሰፋሽው?»

«በአባቴ ሞት፣ ዛሬ ብቻ ነው።» ዓይኗ እንባ ያቀርራል፤ ከዚያ ንዴቷ ይመጣል። ሪሞቱን ታነሳለች። «ሁለት ዓመት አቃጠሉን። ከፍላሹ ላይ ሁሉንም ነው የማጠፋው። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር አላይም፤ እሁድ እሁድ እተኛለሁ።»

«አጥፊው» ይላል አማቼ። «መጨረሻው እንዲህ ከሆነ ሁሉም ከንቱ ነው።»

አውራ ጣቷ ሪሞቱ ላይ ነው። እሁዶቼ በሙሉ እዚያች ጣት ሥር ናቸው፤ እሷ ግን የፊልሙን ጽሑፍ ብቻ ነው የምታየው።

«እጅሽን አንሺ» እላለሁ። «እጅጌው ቢበላሽ እጅጌው ይተረተራል፣ ኮቱ ምን አደረገ? አሁን ሦስተኛውን ክፍል ክፈቺ።»

«እማዬ...»

«ክፈቺ አልኩሽ። የሚመጣው እሁድ ደግሞ ከአንድ ትጀምሪልኛለሽ። የተጻፈውን እንዳለ፤ ለእኔ ብለሽ አትቀንሺ፣ አትጨምሪ። እዚህ ራሰ በራ ዘንድ ስንደርስ ትዘጊዋለሽ።»

ትከፍታለች። ውኃው ከኮቱ ይንጠባጠባል። አቁሚው ስላት ታቆማለች፤ የሞተው ሰው ደረት ቴሌቪዥኑን ይሞላዋል።

«አንተ» እላለሁ አማቼን። «ፈተናህን አስቀምጥ። መነጽርህን ጠርገህ ወደዚህ ቅረብ።»

ይነሳል። ሳቅ የለም በፊቱ።

«ከላይ ጀምረህ ቁልፎቹን ቁጠርልኝ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ክሩን እይና ምን እንዳየህ ንገረኝ።»