ሁለት ድንጋዮች

የውሃ መርማሪው የአንዲት ላም አርቢ ጎረቤት ከሆነው ገበሬ ማሳ ግርጌ፣ ከወንዙ ያወጣው ድንጋይ አንዲት ትል እንኳ የሌለበት ባዶ ነበር። ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ በሴትዮዋ ግጦሽ በኩል ሌላ ድንጋይ ሲገለብጥ አጠገቡ ጎንበስ አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ላሞቿን የመዥገር መድኃኒት የምትረጨው ከወንዙ ርቃ ነበር፤ እጣቢው በሲሚንቶ ባስለሰነችው ጉድጓድ ይጠራቀማል። ጎረቤቷ "ወንዝ እያለ ጉድጓድ?" እያለ መሳቂያ አድርጓት ከርሟል።

በድንጋዩ ሆድ ላይ ሦስት ትንንሽ ትሎች ተላወሱ። "እትዬ፣ እነዚህ የተመረዘ ውሃ ውስጥ ውለው አያድሩም" አለ መርማሪው። ድንጋዩን ተቀብላ ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰችው። ቀና ስትል ጎረቤቷ የፀረ ተባይ መርጫውን በጀርባው እንዳዘለ፣ ሊያጥበው ወንዝ መውረዱን ትቶ ቆሟል።

"ጉድጓድሽ ለእኔም ቦታ አለው?" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"የለውም፤ የራስህን ትቆፍራለህ" አለችው። "ዶማውን ከእኔ ውሰድ።"